የኸትም ፍየል

እናቴ ለእህቴ ኸትም ብላ ያሳደገቻት ፍየል አርጅታ ሞተች። ታርዳ አይደለም፤ ሞታ። አንድ ጧት በረቱን ስንከፍት ሌሎቹ ተጋፍተው ወጡ፣ እሷ በጎኗ እንደተኛች ቀረች። እናቴ ቶሎ ብላ ቢላዋ ያለው ጎረቤት አስጠራች። ሰውየው ገብቶ አንገቷን ዳበሰና ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሰ።

«አልፏታል እታለም። ቢስሚላህ የሚባልበት ነገር የለም።»

በክት ሆነች ማለት ነው፤ ሥጋዋ ለሰው አይሆንም። እኔና እናቴ በገመድ እየጎተትን እስከ ሆርማት ወንዝ አሸዋ ወሰድናት። የሰፈሩ ውሾች ከኋላ ከኋላችን መጡ። ስንመለስ እናቴ እጇን ታጠበች፣ ገመዱን ጠቀለለች፣ ቦታው ላይ ሰቀለችው። አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እናቴ ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ዶሮ ስጥ ስትበትንባት እንኳ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ስድብ ትሳደባለች። ያን ለት ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኸትም ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልናገር። ቁርአንን ከዳር እስከ ዳር ቀርቶ፣ ማለት አንብቦ፣ የጨረሰ ሰው «አኸተመ» ይባላል። ያን ለት ቤተሰቡ አቅሙ የቻለውን ያርዳል፣ ሰፈሩ ይጠራል፣ ያቀሩት ሸኽ ዱአ ያደርጋሉ። ለእኔ የታረደልኝ ዶሮ ነው። ገና አምስተኛ ክፍል ሆኜ ነው ያኸተምሁት፤ እናቴም «ምን ላርግሽ፣ ሳልዘጋጅ ደረስሽብኝ» ብላ ቤት ያለውን አውራ ዶሮ ያዘች። ለእህቴ ግን ረጅሞቹን ሱራዎች ስትጀምር አንዲት እግሯ ነጭ የሆነ ግልገል መረጠችና «ይች የኸትሟ ናት» አለች። ግልገሏ አደገች። ወለደች። የወለደቻቸውም ወለዱ። እንግዳ ሲመጣ፣ ዒድ ሲደርስ፣ ሌላው ሲሸጥና ሲታረድ እሷን የሚነካት አልነበረም። ጎረቤቶቻችን እየሳቁ «ይች ፍየል ከልጅሽ በፊት ታኸትማለች» ይሏት ነበር። እናቴም አብራ ትስቃለች። የዘገየ ነገር የሚያሳፍር ነገር መሆኑን ያኔ ማናችንም አናውቅም።

እህቴ ታላቄ ናት። አባታችን ሲሞት እናቴ ማሽላ ይዛ አንድ ቀን ዋጃ፣ አንድ ቀን ጎብዬ፣ ገበያ ለገበያ ትውል ጀመር። ቤት የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እህቴ ያዘች። እኔ አስኳላ ገባሁ። የመንግሥቱን ትምህርት ቤት ትልልቆቹ ሰዎች አስኳላ ነበር የሚሉት፣ ትንሽ በፍርሃት፣ ትንሽ በንቀት። አንደኛዋ ትማር ሌላዋ ትቅር ብሎ የፈረደ ሰው አልነበረም፤ እንዲሁ ሆነ። ሁለታችን አብረን የምንቀመጥበት ቦታ ቁርአን ቤት ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ከአስኳላ መልስ እሷ ከውሃ መልስ፣ ሸኽዬ ዘንድ ጎን ለጎን ቁርበት ላይ እንቀመጣለን።

የሸኽዬ ቤት ከከተማችን ከቆቦ ዳር ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ነበር፤ ትምህርት ቤታችን እሱ ነው። ክፍል የሚባል ነገር የለም። አንደኛ የሚባልም፣ መጨረሻ የሚባልም የለም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሉህ አለው፤ ሉህ ከዋንዛ የተጠረበ መያዣ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ሸኽዬ በጥላሸትና በግራር ሙጫ በተበጠበጠ ቀለም የአንተን ትምህርት በአንተ ሉህ ላይ ይጽፉልሃል። ትቀራዋለህ። በቃልህ ስትወጣው ታሰማቸዋለህ። ከዚያ ሉህህን ታጥባለህ፣ እጣቢውን እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ከቁርቁራው ሥር ትደፋዋለህ፣ አዲስ ይጻፍልሃል። ያላሰማኸው ሉህ አይታጠብም፤ ሳምንትም ይፍጅ ወርም ይፍጅ ተሸክመኸው ትመላለሳለህ። ሁሉም ጮክ ብሎ የየራሱን ስለሚቀራ የማንም ስህተት ለማንም አይሰማም። በውጭ የሚያልፍ መንገደኛ ጠብ የተነሣ ይመስለው ነበር።

እህቴ ቂርአት፣ ቁርአን ማንበቡ፣ አይቀልላትም። ሞኝ አይደለችም፤ ገበያ ላይ የሚያታልላት ሰው አልተወለደም። ግን ቃሉ ከአፏ ደጃፍ ደርሶ ይቆማል። ዓይኗን ወደ ቁርቁራው ቅርንጫፍ ትሰቅላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ አይመጣም። ለእኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። ገና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ቃሉን አቀብላታለሁ። ያኔ ሸኽዬ በዘንጋቸው ጫፍ ጉልበቴን ይነኩኛል።

«አንች ቀልቃላ፣ ተያት። የራሷ ነው፣ ይመጣላታል።»

ይመጣላትም ነበር። አንዳንዴ ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው ሲወጡ ነው የሚመጣላት። ሸኽዬ እስኪመጣላት የሌላውን ልጅ እየሰሙ ይቆዩና «ወጣሽው? እንግዲያ እጠቢ» ይሏታል። ሌላ የለም። እሷም ሉህዋን አቅፋ ወደ ገንዳው ስትሄድ ያላት አካሄድ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፤ ልጅ እንደታቀፈች ሴት ነበር የምትሄደው። በዚያ ግቢ ውስጥ ትልቋ እሷ ነበረች። ሙጫ የምትለቅም እሷ፣ ቀለም የምትበጠብጥ እሷ፣ ገና ለጀመረ ሕፃን ጣቱን ይዛ የዓረብኛውን ፊደል፣ ሐርፍ፣ የምታስቆጥር እሷ። የሸኽዬ ቀኝ እጅ ነበረች ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ ራሴ ቀርፋፋ ናት ብዬ አስቤ አላውቅም። ትቆያለች፣ በቃ። አንዳንድ ሰው ይቆያል።

አሥረኛ ክፍል ስጨርስ ነጥቤ ለመሰናዶ አልበቃም። እናቴ ቤት ተመልሼ እግሬ ማረፊያ አጣ። ጓሮ እወጣለሁ፣ መንገድ ዳር እወጣለሁ፣ የሚያልፈውን አውቶቡስ እቆጥራለሁ። የፊቱን ክፍላችንን ከጎጃም ተመድባ ለመጣች የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት አከራይተን ነበር፤ ክፉ ሴት አይደለችም። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ በሸኽዬ ግቢ በኩል አልፋ ኖሮ «ልጆቹ አሁንም እንደዚያ አፈር ላይ ነው የሚቀመጡት?» አለችኝ። መጠየቋ ብቻ ነበር። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። እዚያው አፈር ላይ ነው ያደግሁት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አፈር መሆኑን አላየሁትም ነበር።

በዚያው ሰሞን የመስጊዱ ኮሚቴ ሌላ ጭንቀት ያዘው። ልጆቹ ከቁርአን ቤት እየቀሩ ነበር። አስኳላው በፈረቃ ሆነና ከሰዓታቸውን ወሰደው፤ የተረፈችውን ሰዓት ደግሞ የእንግሊዝኛ ማስጠኛና ቪዲዮ ቤት ተካፈሏት። ነጋዴዎቹ ተሰበሰቡና መድረሳ እንሥራ አሉ፤ ወንበር ያለው፣ ጥቁር ሰሌዳ ያለው፣ ከቁርአኑና ከዓረብኛው ጋር ሒሳብም እንግሊዝኛም የሚያስተምር። ፈረንጁ ልጆቻችንን የሚወስደው በወንበርና በጠመኔ ከሆነ እኛም ወንበርና ጠመኔ አናጣም፣ አለ አንዱ የእህል ነጋዴ። ደሴ ተምሮ የተመለሰ የሰፈራችን ልጅ ኡስታዝ ሆኖ ተቀጠረ። ለሴቶቹ ልጆች ሴት አስተማሪ ያስፈልጋል ተባለና እኔ ተጠራሁ። ደስታዬን አልደብቅም። በመጨረሻ የምሮጥበት ቦታ አገኘሁ።

ሸኽዬን ሽማግሌዎች ተልከው አነጋገሯቸው። አልተቃወሙም። ልጆች ከሚበተኑ ይሰብሰቡ አሉ። በመጨረሻው ቀን ቁርቁራው ሥር ሁሉም ልጅ ሉሁን አሰምቶ አጠበ፤ ያልወጣውም እያነበበ ታለፈለት። እህቴ ግን እንቢ አለች። የሉህዋ ግማሽ ላይ ነበረች፤ ሳላሰማ አላጥብም አለች። ሸኽዬ ሉህዋን ተቀብለው ከቤታቸው ግድግዳ ችካል ላይ ሰቀሉት። «ያንች ይቆይ» አሏት። እኔ መግቢያው ላይ ቆሜ ቶሎ በሉ እያልሁ ነበር፤ አዲሶቹ ወንበሮች የሚራገፉት ያን ለት ነው።

መድረሳው ጥሩ ነበር። ይህንንም በግልጽ ልጻፈው፤ የድሮው ሁሉ ማር ነበር የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ሸኽዬ ዘንድ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ስሙን መጻፍ የማይችል ልጅ ነበር። ዘንጋቸውም ሁልጊዜ ጉልበት በመንካት አይመለስም። እኛ ዘንድ ልጆቹ ቁርአኑን አሳምረው ቀሩ፣ ሒሳብ ሠሩ፣ ካስተማርኋቸው ሴቶች ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የገቡ አሉ። ያንን አላፍርበትም። የማፍርበት ሌላ ነው።

ደወል ሰቀልን፤ የመኪና ቸርኬ ነበር፣ በብረት ሲመታ እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል። ሰልፍ አስያዝን። ልጆቹን በክፍል በክፍል ለመመደብ ፈተና ሰጠን፤ ሴቶቹን የፈተንሁ እኔ ነኝ። እህቴም ተራዋ ደርሶ ፊቴ ተቀመጠች። ሃያ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። የታተመውን ቁርአን መሐሉ ላይ ገልጬ አንብቢልኝ አልኋት። እሷ የለመደችው የሸኽዬን እጅ ጽሑፍ ነው፤ ኅትመቱ እንደ እንግዳ ፊት ሆነባት። ጀመረች፣ ቆመች። ዓይኗን ወደ ላይ ሰቀለች፤ ከላይ ቆርቆሮ ብቻ ነበር። በሕይወቴ ሙሉ ቃል ሳቀብላት ኖሬ ያን ለት አላቀበልኋትም። ፈታኝ ነኛ። ግን ደግሞ አልጠበቅኋትም፤ ከበሩ ውጭ ሰልፍ ነበር። «ይበቃል፣ ሂጂ» አልኋትና ከዘጠኝና ከአሥር ዓመት ልጆች ጋር መደብኋት።

ማታ እናቴ አዲሱ ነገር እንዴት ነው ብላ ጠየቀቻት። «ደስ ይላል» አለች እህቴ፣ «እግሬ ወንበሩ ሥር አልገባም አለ እንጂ።» ሁላችንም ሳቅን። ዓመቱን ሙሉ እግሯን ወደ መተላለፊያው አውጥታ ወደ ጎን ዞራ ተቀምጣ ተማረች። ሕፃናቱ እትዬ ይሏታል። ሰማያዊ ሻሿን ራሷ ሰፍታ፣ አንድ ቀን ሳትቀር መጣች። የጠመኔው አቧራ ከሰሌዳው ሲራገፍ የቁርአን ቃል ነው ብላ በጨርቅ እየጠረገች ታወጣው ነበር፤ ለዚህም ሌሎቹ ይስቁባታል። እኔም «የጠመኔ ዱቄት ነው፣ ተይው» ብያታለሁ።

የዓመቱ መጨረሻ ላይ ወላጅ ተጠርቶ ደረጃ እንዲነገር ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። አስኳላው ልጆቹን የወሰደብን በደረጃ ነው ብዬ ተከራከርሁ፤ ልጅ አንደኛ መውጣት ይፈልጋል። ኡስታዙ ተስማማ፣ ግን አንድ ነገር ጠየቀ።

«እስከ አምስተኛ እንጥራና እንሸልም። የቀረው በየቤቱ ይወቅ።»

«ለምን? አስኳላ እስከ መጨረሻው ነው የሚነገረው። ሰው የት እንዳለ ካላወቀ እንዴት ይሻሻላል?»

«እህትሽስ?»

«እህቴም ተማሪ ናት» አልሁት።

በዚህ መልስ ኮርቼ ነበር። ለብዙ ቀናት ለራሴ እየደጋገምሁ እሰማው ነበር፣ «እህቴም ተማሪ ናት»። አድልዎ የሌለባት፣ ቀጥ ያለች ሴት መስዬ ታየሁኝ። ግልጽነት የሚባለውን ነገር ሁልጊዜ እንደ ጥሩ ልብስ ነበር የምለብሰው፤ የሚያርፍበትን ሰው ገላ አስቤ አላውቅም።

ዳስ ተጣለ። ወላጆች መጡ። እናቴ ከፊት ተቀመጠች፤ ጧት ከቤት ስትወጣ ለጎረቤቷ «ፍየሏ ዘንድሮ ሳትደርስ አትቀርም» ስትላት ሰምቻለሁ። ሸኽዬም ተጋብዘው ጥላው ሥር ወንበር ተሰጥቷቸው ነበር። የየክፍሉን ከአንደኛ ጀምሬ ጠራሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ እልልታ፣ ጭብጨባ። እህቴ ለሁሉም ታጨበጭባለች፤ ስማቸው ሲጠራ የሚያፍሩትን ሕፃናት ወገባቸውን እየገፋች ታስነሣለች። የእሷ ክፍል ስም ዝርዝር እያጠረ ሄደ። እኔ ወደ መጨረሻው እንደደረስሁ አውቃለሁ፤ ማቆም እችል ነበር፤ ውሃ ልጠጣ ብዬ እንኳ ማቆም እችል ነበር። አላቆምሁም። በዚያው ድምፅ፣ ከፍም ዝቅም ሳላደርግ፣ የእህቴን ስም መጨረሻ ብዬ ጠራሁ።

እሷም ተነሣች። ሌሎቹ ሁሉ ሲጠሩ ተነሥተዋላ።

አጠገቧ የምትቀመጥ አንዲት ሕፃን እናቷን ጮክ ብላ «መጨረሻ የወጣስ ምን ይሸለማል?» ብላ ጠየቀች። ክፋት አልነበራትም፤ ሽልማቱ እንዳያልቅባት ሰግታ ነው። ዳሱ ሳቀ። እህቴም ሳቀች። ያልሳቁ ሁለት ሰዎች አየሁ፤ እናቴና ሸኽዬ። ሸኽዬ ዘንጋቸውን ይዘው ተነሡ። ጉልበቴን ለመንካት ሩቅ ነበርሁ።

ሰው ሲበተን እህቴ ወንበሮቹን ወደ ክፍል መልሳ፣ ዳሱን ጠርጋ ነው ወደ ቤት የሄደችው። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን አልተነጋገርንም። መድረሳው እንደገና ሲከፈት ጧት አልጋዬ ላይ ሰማያዊው ሻሽ ታጥቦ፣ ታጥፎ ተቀምጦ አገኘሁት። ጓሮ ወጥቼ አገኘኋት፤ ፍየሎቹን እያጠጣች ነበር።

«ለሌላ ልጅ ይሆናል፣ አልተቀደደም» አለችኝ።

«በአንድ ደረጃ ታኮርፊያለሽ? የሚቀጥለው ዓመት ትሻሻያለሽኮ።»

«አላኮረፍሁም።» የባልዲውን እጀታ ይዛ ትንሽ ቆየች፤ እንደ ልማዷ ቃሉ እስኪመጣላት። እኔም እንደ ልማዴ ልቀድማት አፌን ስከፍት መጣላት። «ያኔ መጨረሻ መሆኔን ሳላውቅ ነበር የምቀራው። አሁን አወቅሁ።»

ብዙም ሳትቆይ እዚያው አካባቢ ሮቢት ለሚኖር ሰው ተዳረች። ባሏ ጥሩ ሰው ነው፤ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት ያለማል። እናቴ ከፍየሏ ልጆች ሁለቱን ሰጠቻት፣ እናቲቱን ግን አልሰጠችም። «ይች የኸትሟ ናት» አለች እንደ ድሮው። ሰዎች መሳቅ አቁመው ነበር። ፍየሏ ጥርሷ እየረገፈ፣ እናቴ የእህል ገፈራ በውሃ እየዘፈዘፈች እያበላቻት ዓመታት ኖረች። ጧት ጧት ወደ መድረሳው ስወጣ በረቱ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ደረጃ መንገሩን በዚያው ዓመት አስቀርተነዋል፤ ኡስታዙ ነው ያስቀረው፣ ምክንያቱን አልነገረኝም፣ አልጠየቅሁትም። የእህቴን ቤት በዓል በዓል እሄዳለሁ። እንጫወታለን፣ እንሳሳቃለን። ቁርአን የሚለው ቃል ግን በመሐላችን አይነሣም። ያን ያህል ዓመት እዚያ ድረስ ሄጄ አንድ ቀን እንኳ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ አላልኋትም። ለማንም ፊት ለፊት የምናገር እኔ።

እንግዲህ ፍየሏ የሞተች ለት እናቴ ገመዱን ከሰቀለች በኋላ ቤት መቀመጥ አልቻልሁም። እግሬ መራኝና ሸኽዬ ዘንድ ሄድሁ። ለዓመታት በሩን አልረገጥሁትም። ቁርቁራው አለ። ሸኽዬ ሥሩ ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል፤ በጣም አርጅተዋል። ሰላምታ ሰጥቼ ፍየሏ ሞተች አልኋቸው። የትኛዋ ብለው አልጠየቁም።

«ግቢና ከችካሉ አውርጂው» አሉኝ።

ሉሁ እዚያው ነበር። ጥላሸቱ ትንሽ ገርጥቷል እንጂ ቃሉ ሁሉ አለ፤ የእሳቸው እጅ፣ የእህቴ ትምህርት።

«እስካሁን አላጠቡትም?»

«ያላሰማችውን ሉህ እንዴት አድርጌ አጥባለሁ?»

«ታዲያ ለምን አላስጠሯትም፣ ሸኽዬ? እርስዎ ቢጠሯት እንቢ አትልም ነበር።» ጥፋቴን አካፍዬ ለሳቸው ማሸከሜ እንደሆነ እየተናገርሁ ታወቀኝ። እሳቸው ግን ተቀበሉኝ።

«አፍሬ ነው» አሉ። «ልጆቹን ሁሉ ውሰዱ ስል፣ ይችን አንዷን ግን ተዉልኝ ማለት ነበረብኝ። ወንበር ወዳለበት ትሂድ፣ ምን ላደርግላት ነው እዚህ፣ ብዬ ዝም አልሁ። አንች ቸኮልሽ፣ እኔ ዝም አልሁ። ውሰጅላት።»

ሉሁን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ ያዝሁ። ረዳቱ ቦታ ለማስለቀቅ ጥቅሉን ወደ እግር ሥር ሊያወርደው ሲል ያዝሁበት።

«መክተፊያ ነው እንዴ? ማን ይሰርቅሻል?»

«ቁርአን ነው» አልሁት።

እጁን ሰበሰበ። ማተብ ያለው ልጅ ነበር። ወደ ሌላ ተሳፋሪ ዞሮ ገንዘብ ሲቀበል ቆየና ተመልሶ አጠገቤ ያለውን ጆንያ አነሣልኝ፤ እግሬን እንድዘረጋ፣ ጥቅሉንም በጉልበቴ ላይ እንዳሳርፍ። የማላውቀው ሰው ያን ያህል ተጠነቀቀለት። እኔ የራሴን እህት ወንበር ሥር ከተትኋት።

እህቴ ደጃፏ ላይ ሽንኩርት እየለየች አገኘኋት። ስለ ፍየሏ ነገርኋት። «አረጀች እኮ» ብቻ አለች። ከዚያ ነጠላውን ገለጥሁት።

ተነሣች። ጀሪካኑን አዘንብላ እጇን ታጠበች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ክንዷን ታጠበች፣ እግሯን ታጠበች፤ ዉዱእ ማድረጓ ነው። እጇን አደረቀችና ሉሁን ተቀበለችኝ። እኔም መላ ሰውነቴ ሲቸኩል የተዘጋጀሁበት ቃል ከአፌ ወደቀ።

«እቴ፣ አፉ በይኝ።»

«አፉ ብዬሻለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከሉሁ ሳታነሣ። እንደ ደህና ዋልሽ ነበር የመለሰችው። ከልቧ ነው፤ እሷ ከልቧ ያልሆነ ነገር አትናገርም። ግን ምንም አልቀለለኝም። ይቅርታው የእኔን ጉዳይ ጨረሰ እንጂ የእሷን ቁርአን አልጨረሰም።

ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቆመ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ በየዓመቱ ለሕፃናት የማስቀራው ነው። ከአፌ ግማሹ ወጣ።

«አትንገሪኝ» አለች። ድምፅዋን እንደዚያ ቆርጣ ሰምቻት አላውቅም። «ደግሞም ላንች አላሰማም። ስወጣው ለሳቸው ነው የማሰማው። ውጪልኝ።»

ወጣሁ። በሩን ገርበብ አደረገችው። ከበረቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የዚያች ፍየል ዘሮች ሣሩን ትተው መጥተው አሸተቱኝ፤ አንደኛዋ እግሯ ነጭ ነው። ከውስጥ የእህቴ ድምፅ ጀመረ፣ ሁለት ቃል ሄደ፣ ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ፣ እዚያው ቦታ ደረሰ፣ ቆመ። የቀረው ቃል ምላሴ ላይ ነው። የሻሼን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስሁት።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘነበለች። ከመንገዱ በኩል የቆቦ የመጨረሻ መኪና ጡሩንባውን እየደጋገመ ተሳፋሪ ጠራ። ጉልበቴ ሊነሣ ፈለገ፤ ይህ ጉልበት ሁልጊዜ ይፈልጋል። ውስጥ ዝም እንዳለ ነው። መኪናው ጡሩንባውን አንዴ ደገመና ሄደ። የእህቴ ድምፅ ከመጀመሪያው ተነሣ።